ከቶርኖ ቤት መልስ፦ የሲኒማ ማሽን ከተጠገነ በኋላ የሚቀረው ሥራ

ኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት ገብቶ የወጣ የሲኒማ ማሽን የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ሲደርስ፣ ከመኪናው የሚወርደው ሌላ ማሽን ሆኖ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ደሴ 2,500 ግድም። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ታች በሞቀ ቀን እንደ ልብ ይፈስ የነበረው ዘይት ላይ በታኅሣሥ ጠዋት ማር ያክላል። በአይሱዙ ጀርባ ኩርባ ለኩርባ ሲናጥ የመጣ ብሎን ሩብ ዙር ላልቶ ይገኛል። የሚገባለት መብራትም የዚያኛው ሰፈር መብራት አይደለም። ስለዚህ ታች «አለቀ» የተባለው ሥራ ላይ እንደገና ይጀመራል። ባለቤቱ ይህን ሲሰማ ፊቱ መጥቆሩ አይቀርም፤ ቢሆንም ማሽን የሚስተካከለው በሚሠራበት ክፍል፣ በሚሠራበት መብራት፣ ከተቻለም በሚሠራበት ሰዓት ነው።

የሲኒማ ማሽን አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ወፍጮ ሲበላሽ ራሱን ይጎዳል፤ ይንኳኳል፣ ይቆማል፣ ባለቤቱም ያውቃል። የሲኒማ ማሽን ግን ተበላሽቶም እየዞረ፣ ምስል እያሳየ፣ ድምፅ እያሰማ ፊልሙን ይበላል። በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ሥዕል) ያልፋል፤ እያንዳንዱ ፍሬም በግራም በቀኝም 4 ቀዳዳ አለው። የአንድ ሰዓት ተኩል ፊልም 129,600 ጊዜ ተጎትቶ ያንኑ ያህል ጊዜ ይቆማል። ከቶርኖ በኋላ በአንድ ጥርስ ጫፍ ላይ የቀረች፣ በጥፍር ብቻ የምትታወቅ ሻካራ ነገር በዞረች ቁጥር አንድ ቀዳዳ እየነካች ታልፋለች። ማሽኑን ደግሞ መፍታት ይቻላል፤ የተቧጨረ ኮፒ ግን አይድንም፣ ምትኩንም ማግኘት ዛሬ የዋዛ አይደለም። የሥራው ቅደም ተከተል የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ምስሉ ከማማሩ በፊት ፊልሙ የማይጎዳ መሆኑ ይረጋገጣል።

ስለ ቃላቱ አንድ ነገር። ከሚላኖው ሲኒሜካኒካ ፋብሪካ የወጣ ማሽን ለኛ መካኒክ በቋንቋ ባዳ አይደለም። ቦኮላ (ዘንግ የሚዞርበት ቀለበት)፣ ኩሽኔታ፣ ሮንዴላ፣ ሞላ፣ ቺንጋ፣ ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግድ ቀለበት)፣ ካቻቪቴ፦ የጋራዡ አማርኛ ግማሹ ከዚያው አገር የመጣ ነው። ቶርኖ ቤቱም ቦኮላ አሳምሮ ይሠራል። ቶርኖ ቤቱ የማያውቀው ቦኮላው ከገባ በኋላ ከሱ ጋር የተያያዙት አምስትና ስድስት ነገሮች ሁሉ ቦታቸውን መልቀቃቸውን ነው። አንድ ዘንግ በፀጉር ስፋት ሲነሳ የጥርሱ አያያዝ፣ የሹተሩ (ፊልሙ ሲጎተት ብርሃኑን የሚጋርደው ክንፍ) ሰዓት፣ የሮለሩ ክፍተት አብረው ይዛባሉ።

መጀመሪያ ኤሌክትሪክ አይገባም፤ ፊልምም አይገባም። በእጅ ይዞራል። እጅ ከጆሮ በፊት ያውቃል፤ ማሽኑ በቀስታ ሲዞር ትንሽ ከበድ የሚልበት ቦታ ካለ ስንት ፍሬም ቆይቶ እንደሚመለስ ይቆጠራል። ፊልሙን በየፍሬሙ የሚያስኬደው «ኮከብ» የሚባለው ነው፣ ኮከቡን የሚገፋው ደግሞ ፒን ያለው ዲስክ፤ ዝርዝሩ ከታች ይመጣል። በየፍሬሙ የሚመለስ ክብደት ከፒኑ ዲስክ ነው። በየአራት ፍሬሙ የሚመለስ ከሆነ ከኮከቡ ወይም ከኮከቡ ጋር በአንድ ዘንግ ላይ ካለው ጎታች ስፕሮኬት (የፊልሙን ቀዳዳ የሚይዝ ባለ ጥርስ መንኮራኩር) ነው፤ ኮከቡ በየፍሬሙ ሩብ ዙር ብቻ ስለሚሄድ አራት ፍሬም ሲያልፍ ነው ወደ ቦታው የሚመለሰው። ጨርሶ ሥርዓት የሌለው ክብደት አብዛኛውን ጊዜ ቆሻሻ ነው፤ የቶርኖ ብናኝ ጥርስ መሃል ገብቷል ማለት ነው። ይህን አጥቦ ሳያወጡ ሞተር ማስነሳት አዲሱን ቦኮላ በመጀመሪያው ሰዓት መብላት ነው።

ጥርሶቹ እርስ በርስ እንዴት እንደሚያያዙ ለማወቅ ከደብተር የተቀደደ ቀጭን ወረቀት ይበቃል። በሁለቱ ጥርሶች መካከል ወረቀቱን አስገብቶ በእጅ ማዞር ነው። ታጥፎ ነገር ግን ሳይቀደድ ከወጣ ክፍተቱ ደኅና ነው። ተቆርጦ ከወጣ ጠብቋል፣ ሲሞቅ ይጮኻል። እጥፋቱ እንኳ በቅጡ ካልታየ ላልቷል፤ የላላ ጥርስ በሹተሩ ላይ መንቀጥቀጥ ሆኖ ይወጣል። ይህ ሙከራ በአንድ ቦታ ሳይሆን ጥርሱ ሙሉ ዙር እስኪዞር በአራት ቦታ ይደረጋል፤ ዘንጉ ትንሽ የጎበጠ ከሆነ የሚጋለጠው እዚህ ነው።

አሁን ወደ ማሽኑ ልብ። በ35 ሚሊ ሜትር ማሽን ውስጥ ፊልሙን የሚያቆምና የሚያስኬደው የማልታ መስቀል የሚባለው ነው፤ ባለ 4 ስንጥቅ ኮከብ ነው፣ ከጎኑ ፒን ያለው ዲስክ አለ። ዲስኩ በደቂቃ 1,440 ዙር ይዞራል። ከእያንዳንዱ ዙር ሩቡን፣ ማለትም 90 ዲግሪውን፣ ፒኑ በስንጥቁ ገብቶ ኮከቡን ይገፋል፤ በቀረው 270 ዲግሪ ኮከቡ በዲስኩ ክብ ጠርዝ ታቅፎ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ፊልሙ የሚጎተተው በሰከንድ አንድ ዘጠና ስድስተኛ ውስጥ ነው። በዚህ ፍጥነት ላይ ያለ አንድ መቶኛ ሚሊ ሜትር ስሕተት ስክሪን ላይ ምን እንደሚያህል ማስላት ይቻላል። ብርሃኑ በፊልሙ የሚያልፍበት መስኮት ስፋቱ 20.96 ሚሊ ሜትር ነው፤ ማሽኑ ከስክሪኑ 20 ሜትር ርቆ ሌንሱ 100 ሚሊ ሜትር ከሆነ የምስሉ ስፋት 4.2 ሜትር ግድም ይሆናል። 200 እጥፍ ነው። ኮከቡ ላይ ያለ 0.02 ሚሊ ሜትር ጨዋታ ስክሪን ላይ 4 ሚሊ ሜትር ዝላይ ይሆናል፤ የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው እንኳ ያየዋል።

የኮከቡና የዲስኩ ርቀት በብዙ ማሽኖች መሃሉን በሳተ ቦኮላ ይስተካከላል፤ ቦኮላው ሲዞር ዘንጉ ይቀርባል ወይም ይርቃል። ኮከቡ በማረፊያው ላይ ሳለ ጎታቹን ስፕሮኬት በሁለት ጣት ይዞ ወደፊትና ወደኋላ መነቅነቅ ነው። ጨርሶ የማይነቀነቅ ከሆነ ጠብቋል። ሲነቀነቅ በዓይን የሚታይ ከሆነ ላልቷል። ትክክለኛው ጣት የሚያውቀው ዓይን የማያየው ነው። ከዚያ ያለ ፊልም ግማሽ ሰዓት ይዞርና ኮከቡ ያለበት የዘይት ቤት በመዳፍ ይነካል። ሞቅ ማለቱ ጤና ነው፤ መዳፍ አስቀምጦ መቆየት ካቃተ ጠብቋልና ይላላ። ብዙ ሰው ዝላይን ለማጥፋት ሲል አጥብቆ ይተወዋል፤ የመጀመሪያው ሳምንት ምስል እንደ ሥዕል ቀጥ ይላል፣ ከዚያ ፒኑ ይበላና ከበፊቱ የባሰ ይሆናል።

ዘይቱን በተመለከተ ክርክሩ ብዙ ነው። የፋብሪካው መመሪያ ካለ እሱ ይከበራል። ከሌለ የዘይት ቤቱ የሚፈልገው ንጹሕና መካከለኛ ውፍረት ያለው፣ ማጠቢያ ያልተቀላቀለበት ዘይት ነው። የመኪና ሞተር ዘይት ብናኙን አንጠልጥሎ እንዲዞር ታስቦ የተሠራ ነው፤ መኪናው ግን ፊልትሮ አለው፣ ይህ ቤት የለውም፣ ስለዚህ ብናኙ ከኮከቡ ጋር ይዞራል። የካምቢዮ ዘይት ለደሴ ጠዋት በጣም ወፍራም ነው። የስፌት ማሽን ዘይት ለሮለሮችና ለትናንሽ ዘንጎች ግሩም ነው፣ ለኮከቡ ግን ቀጭን ነው። መጠኑ ማሽኑ ቆሞ በመስታወቱ ይታያል፤ እየዞረ የሚታይ መጠን ውሸት ነው፣ ዘይቱ ወደ ላይ ተረጭቷልና። ከልክ በላይ ሲሞላ በፓራኦሊዮው በኩል ወጥቶ ስፕሮኬቱን፣ ከስፕሮኬቱም ፊልሙን ያጨማልቃል። በብርድ ወራት የመጀመሪያው 15 ደቂቃ ያለ ፊልም መዞሩ ለደሴ ማሽን ግዴታ ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ ይህን ያህል አያስጨንቅም፣ እዚያ ጠላቱ አቧራ ነው።

ስፕሮኬቶቹ ዘንድ ሲደረስ መጀመሪያ ጥርሳቸው በማጉያ መስታወት ይታያል። ያረጀ ጥርስ በአንድ ጎኑ ይበላና እንደ ማጭድ ጫፍ ይጎብጣል፤ ቀዳዳውን ሲለቅ ጠልፎ ያስቀረዋል፣ የሚሰማው የመንጫጫት ድምፅም ከዚህ ነው። በአንዳንድ ማሽን ስፕሮኬቱን ገልብጦ ያልተበላውን ጎን መጠቀም ይቻላል፤ የጎበጠን ጥርስ በሞረድ ማስተካከል ግን የሚታሰብ አይደለም። ፊልሙን ስፕሮኬቱ ላይ የሚይዙት መጫኛ ሮለሮች ፊልሙን መንካት የለባቸውም። ክፍተታቸው የሁለት ፊልም ውፍረት ነው፤ ፊልሙ 0.15 ሚሊ ሜትር ግድም ስለሆነ 0.3 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስፔሶር (የክፍተት መለኪያ) ባይኖር ሁለት ቁራጭ ፊልም ደርቦ ማስገባት ከስፔሶር አያንስም። ሲጠብቁ ፊልሙን ያደቁታል፣ ሲላሉ ስፌት (ፊልሙ የተቀጠለበት ቦታ) በመጣ ቁጥር ፊልሙ ከጥርሱ ይዘላል።

ሹተሩን ማስተካከል ከባድ የሚመስለው በኃይል ስለሚሞከር ነው። ጎታቹ ስፕሮኬት መንቀሳቀስ ከመጀመሩ በፊት ባለበት ቦታ በእርሳስ ምልክት ይደረግበታል፤ ባለ 16 ጥርስ ስለሆነ በአንድ ጉተታ 4 ጥርስ ይሄዳል። በእጅ እየዞረ ልክ 2 ጥርስ እንደሄደ ይቆማል። የጉተታው እኩሌታ ይህ ነው። በዚህ ቅጽበት የሹተሩ ክንፍ መሃል ከመስኮቱ መሃል ጋር መገጣጠም አለበት። ከዚያ ብሎኑ ይጠብቃል፣ ማሽኑ ሁለት ሦስት ጊዜ በእጅ ዞሮ ያው መሆኑ ይረጋገጣል፣ ምክንያቱም ብሎኑ ራሱ ሲጠብቅ ክንፉን ይዞ መሄድ ይወዳል።

ማረጋገጫው ስክሪኑ ላይ ነው፤ በጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ ያለበት የፊልም መጨረሻ ይታያል። ፊልሙ በመስኮቱ ወደ ታች ሲወርድ ሌንሱ ስለሚገለብጠው ስክሪን ላይ እንቅስቃሴው ወደ ላይ ነው። እንግዲህ ከፊደሎቹ ወደ ላይ የሚሳብ ነጭ ጭራ ካለ፣ ፍሬሙ መሄድ ሲጀምር ሹተሩ ገና አልዘጋም፣ ዘግይቷል። ጭራው ወደ ታች ከሆነ አዲሱ ፍሬም ሳያርፍ ሹተሩ ከፍቷል፣ ቀድሟል። ጭራው ከላይም ከታችም ከሆነ ሰዓቱን ማንቀሳቀስ አይፈታውም፤ ወይ ክንፉ ጠቧል፣ ወይ ጥርሱ ላልቶ ሹተሩ ይዋዥቃል። ለብርሃን ሲባል የሹተሩን ክንፍ በመቀስ የሚያሳንስ ሰው እንዳለ ከማሽኖቹ ይታያል፤ ከእንዲህ ዓይነቱ ብልሃት ይሰውረን።

መስኮቱ ላይ ፊልሙን የሚጫነው ሞላ የሚስተካከለው ከማጥበቅ ሳይሆን ከማላላት በመነሳት ነው። ምስሉ ወደ ላይና ወደ ታች መዝለል እስኪጀምር ይላላል፤ ከዚያ እስኪቆም ብቻ ይጠብቃል፣ ለስፌት ማለፊያም ጥቂት ይጨመራል። አራት ነጥብ። እያንዳንዱ ተጨማሪ ዙር ከቀዳዳው ጫፍ ላይ የሚከፈል ነው። ሞላው በግራና በቀኝ እኩል መሆኑም ይታያል፣ አንዱ ጎን ከጠበቀ ፊልሙ ሰያፍ ይሄዳልና።

ምስሉ ሲዘል ሞላውን መወንጀል ልማድ ሆኗል፤ ሌሎች ተጠርጣሪዎችም አሉ። ከሁሉ በፊት የምስሉ ጥቁር ጠርዝ ይታያል። ጠርዙ ራሱ ከምስሉ ጋር የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ማሽኑ በሙሉ ነው የሚንቀጠቀጠው፤ እግሩ፣ ጠረጴዛው ወይም የሳንቃው ወለል ይፈተሽ። ጠርዙ ቆሞ ምስሉ ብቻ ከዘለለ ጉዳዩ ፊልሙ መንገድ ላይ ነው። ዝላዩ ሥርዓት ያለው፣ በሰከንድ 6 ጊዜ የሚመላለስ ከሆነ ጎታቹ ስፕሮኬት መሃሉን ስቷል ወይም ከኮከቡ ስንጥቆች አንዱ ተበልቷል። ሥርዓት ከሌለው የሞላው ጉዳይ ነው። ከጎን ወደ ጎን ከሆነ የጎን መምሪያው ሮለር ወይም የሱ ሞላ ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎም ካልቆመ ሌላ ኮፒ ይሞከር፤ ሲታተም የዘለለ ፊልም አለ፣ ማሽኑ የማያመጣውን ኃጢአት አይሸከምም።

የመስኮቱ ሐዲድ ላይ የሚጋገረው የፊልም ጄላቲን በብረት አይነካም። በካቻቪቴ ጫፍ አንድ ጊዜ የተፋቀ ሐዲድ ከዚያ በኋላ ያለፈውን ሁሉ ፊልም ይፈርምበታል። ጥሩው መሣሪያ ገበያ ላይ አለ፤ ከወይራ የተቆረጠ የጥርስ መፋቂያ፣ ጫፉ እንደ መሮ ጠፍጠፍ ተደርጎ። ለጄላቲኑ ይጠነክርበታል፣ ለብረቱ ይለሰልስለታል። ከሱ በኋላ በንጹሕ አልኮል የራሰ የጥጥ ጨርቅ። አረቄ አልኮል ነው ብሎ የሚከራከር አይጠፋም፤ ውሃውና ሌላው ጣጣው ሐዲዱ ላይ ይቀራል፣ ለጠጪው ይተውለት። ነጭ ጋዝ ደግሞ ላስቲክ ያሳብጣል፣ ሽፋንም ይተዋል።

ከመስኮቱ በላይና በታች ያለው ልቅ ቀለበት (ፊልሙ ላልቶ የሚታጠፍበት) ምን ያህል መሆን እንዳለበት ማሽኑ ላይ ምልክት ይኖረዋል። ላይኛው ሲያንስ ፊልሙ ይነጠቃል፤ ሲበዛ ቤቱን እየነካ ይቧጨራል። የታችኛው ግን የድምፅም ጉዳይ ነው። በ35 ሚሊ ሜትር ኮፒ ላይ ድምፁ ከምስሉ 21 ፍሬም ይቀድማል፤ ፍሬሙ 19 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከመስኮቱ መሃል እስከ ድምፅ ማንበቢያው ስንጥቅ የፊልሙ መንገድ 399 ሚሊ ሜትር ነው። ፊልሙን አስገብቶ መስኮቱ ላይ ያለውን ፍሬም በእርሳስ ማመልከት፣ ከዚያ እስከ ስንጥቁ 21 መቁጠር ነው። ከበለጠ ወይም ካነሰ የታችኛው ቀለበት በአንድ ሁለት ቀዳዳ ይታረማል። ድምፅ በአዳራሹ አየር ውስጥ 14 ሜትር ለመሄድ የአንድ ፍሬም ጊዜ ስለሚፈጅበት፣ ከንፈርና ድምፅ መገጣጠሙን የሚፈርድ ሰው ከማሽኑ አጠገብ ሳይሆን አዳራሹ መሃል ይቀመጥ።

የድምፅ ከበሮው የሚዞረው በፊልሙ ብቻ ነው፤ ከኋላው ከባድ መሽከርከሪያ አለው። ያለ ፊልም በጣት ሲገፋ ለረጅም ጊዜ ዞሮ በቀስታ መቆም አለበት። ድንገት የሚቆም ወይም የሚያንሾካሹክ ከሆነ ኩሽኔታው ደርቋል ወይም አሸዋ ገብቶበታል። ይህን ጥፋት የሚያጋልጠው ንግግር ሳይሆን ሙዚቃ ነው፤ ሙዚቃም ቢሆን ሁሉም እኩል አይደለም። ክራር ተመትቶ ስለሚጠፋ ይሸፍንለታል። ማሲንቆና ዋሽንት ረጅም ድምፅ ስለሚይዙ ከበሮው በትንሹ ሲዋዥቅ ድምፁ ያነባል። ባቲና አምባሰል ከስማቸው ጋር አብረው በተወለዱበት አገር ለዚህ ፈታኝ ጆሮ አይታጣም፤ አንድ ሙዚቀኛ ጎረቤት ጠርቶ ማስማት ከብዙ መለኪያ ይሻላል።

ስለ ማጉረምረም አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። የድምፅ ማንበቢያው ብርሃን ወደ ጎን ተንሸራቶ ቀዳዳዎቹን ካነበበ በሰከንድ 96 ምት ይሰማል፣ 24 ሲባዛ በ4 ነው። በሌላው ጎን ተንሸራቶ የፍሬሞቹን ድንበር ካነበበ በሰከንድ 24 ምት፣ እንደ ጀልባ ሞተር የሚደልቅ ይሆናል። የድምፅ አምፖሉ የሚበራበት ኤሌክትሪክ በቅጡ ካልተጣራ ደግሞ ከኛ 50 ሳይክል የሚመጣ 100 ምት አለ። 96ቱንና 100ውን በጆሮ መለየት ለባለሙያም ያስቸግራል። መላው ቀላል ነው፤ አምፖሉ በርቶ ፊልሙ ይቁም። ማጉረምረሙ ከቀጠለ ኤሌክትሪክ ነው፣ ኮንደንሰር ይታይ። ከፊልሙ ጋር ከቆመ የጎን መምሪያ ሮለሩ ይስተካከል። የማንበቢያው ሌንስ ሲስተካከል ጆሮ የሚከተለው «ስ» እና «ሽ» ነው፤ እነሱ ጥርት ሲሉ ሌንሱ ቦታው ላይ ነው።

የፍጥነት ሙከራ ቆጣሪ መሣሪያ አይጠይቅም። ከማይረባ ፊልም 1,440 ፍሬም፣ ማለትም 27.4 ሜትር ግድም፣ ተለክቶ መነሻና መድረሻው ላይ ምልክት ይደረግበታል። በ60 ሰከንድ ማለፍ አለበት። ጄነሬተር ላይ ሲሠራ ይህ ሙከራ በየጊዜው ይደገማል፤ ብዙው ሞተር የሚታዘዘው ለቮልት ሳይሆን ለሳይክል ነው። ጄነሬተሩ ደክሞ 47 ሳይክል ሲሰጥ ማሽኑ በሰከንድ 22.6 ፍሬም ያህል ይሄዳል፣ ድምፁም በግማሽ ቶን ይወርዳል። ሁሉም እኩል ስለሚወርድ ቅኝቱ አይፈርስም፣ ስለዚህም ጆሮ ይሸወዳል፤ ሰዓት ግን አይሸወድም።

ይህ ነገር በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት መጋዘን ለሚገኙት 16 ሚሊ ሜትር ማሽኖች የበለጠ ይመለከታቸዋል። ከአሜሪካ የመጣ፣ ለ60 ሳይክል የተሠራ ማሽን ትራንስፎርመር ሲደረግለት ቮልቱ ይታረማል እንጂ ሳይክሉ አይታረምም፤ በሰከንድ 20 ፍሬም እየሄደ ዘፋኙን ሁሉ ጎረምሳ ያደርጋል። መፍትሔው የሞተሩን ፑሌጃ መለወጥ ነው፣ ስፋቱ በአንድ አምስተኛ መጨመር አለበት። ቤል ኤንድ ሃውል የሚባለው ማሽን ደግሞ የታወቀ በሽታ አለው፤ በብሎን ቅርጽ የተሠራው የናይለን ጥርስ በእርጅና ይሰነጠቃል። አዲሱ ሲገባ ፊልሙን የሚጎትተው ጥፍርና ሹተሩ ምልክታቸው ላይ ሆነው መግጠም አለባቸው፣ አለበለዚያ ማሽኑ ይዞራል እንጂ ሁሉም ፊደል ጭራ ያበቅላል። በ16 ሚሊ ሜትር የድምፁ ርቀት 26 ፍሬም መሆኑም ይታወስ፤ ከ35ቱ ጋር ሲያቀያይሩት ይገኛል።

ፊልሙን የሚጠቀልለው ሪል ላይ ያለው የሸራ ወይም የቆዳ ፍሬን የሚፈተነው ሁለት ጊዜ ነው፣ ባዶ ሪል ላይና ሙሉ ሪል ላይ። ሪሉ ሲሞላ ያው ጉልበት ፊልሙን የሚስበው በቀነሰ ኃይል ነው፤ ለሙሉው ሪል በቂ እንዲሆን ሲጠብቅ መነሻው ላይ ይጎዳል። ከጥንቱ አሴቴት ፊልም ጋር ይህ ስሕተት ፊልሙን ይበጥሰው ነበር። ፖሊስተር ግን አይበጠስም፤ ማሽኑን ያጎብጠዋል። ሪሉን በጎኑ ወደ መብራት አቅንቶ ማየት ይለያቸዋል፦ ፖሊስተር ብርሃን ያሳልፋል፣ አሴቴት አያሳልፍም።

አምፖሉን በአጭሩ። ዜኖን አምፖል ቀዝቅዞም ቢሆን በውስጡ ከፍተኛ ግፊት አለ፤ ያለ ፊት መከለያና ያለ ወፍራም ጓንት አይነካም፣ ከጠፋም በኋላ እስኪቀዘቅዝ ማራገቢያው እየሠራ ይጠበቃል። ሐረጎን ማሽኑ ውስጥ ሆኖ አይወጣም፣ በራሱ መከለያ ታሽጎ ለብቻው ይጓዛል። አወንታዊና አሉታዊው ከተገለበጠ በሰከንዶች ውስጥ ይበላሻል፣ ስለዚህ ገመዱ ከተፈታ በኋላ በመለኪያ ሳይረጋገጥ አይበራም። ደሴ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ በመሆኑ ማራገቢያው ያንኑ ያህል ዞሮ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል፤ የጭስ ማውጫው ቧንቧና የማራገቢያው ክንፍ ከአቧራ ንጹሕ መሆናቸው እዚህ የበለጠ ይታሰብበታል። ፊልም ሳይኖር ሹተሩ እየዞረ በስክሪኑ መሃል የሚፈለገው ብርሃን 55 ካንዴላ በካሬ ሜትር ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ፊልም የሚገባው፤ እሱም ማንም የማይፈልገው ፊልም። ሁለት ሦስት ሜትር ጥቁር ፊልም ጫፍና ጫፉ ተሰፍቶ እንደ ቀለበት 50 ጊዜ ይዞራል፣ ከዚያ በመብራት ይታያል። ጭረት ካለ የት እንደተፈጠረ ማወቅ ይቻላል፦ አዲስ ጥቁር ፊልም ማሽኑ ውስጥ ገብቶ ጥቂት እንደሄደ ይቆማል፤ ከላይኛው ስፕሮኬት፣ ከመስኮቱ፣ ከድምፅ ከበሮው ትይዩ ፊልሙ ላይ በነጭ እርሳስ ምልክት ይደረጋል፤ ወጥቶ ሲታይ ጭረቱ ከየትኛው ምልክት በኋላ እንደጀመረ ይናገራል። ቀጥ ያለ ጭረት ከማይንቀሳቀስ ነገር ነው። የሚወዛወዝ ወይም የሚቆራረጥ ጭረት ከማይዞር ሮለር ነው።

ለኮፒው ራሱም ፈተና አለው። ያረጀ አሴቴት ፊልም ይኮማተራል፤ የሆምጣጤ ሽታ ካለው ጉዳዩ ሩቅ ሄዷል። ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ 100 የቀዳዳ እርምጃ በሜትር ይለካ፤ 475 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ከ470 በታች የወረደ ፊልም በስፕሮኬት ማሽን አይሂድ፣ ማሽኑ የቱንም ያህል የተስተካከለ ቢሆን ጥርሶቹ ቀዳዳውን ይቀድዳሉ። ጠርዙ ላይ የደኅንነት ጽሑፍ የሌለበት፣ በፈረንጆች ከ1950ዎቹ መግቢያ በፊት የሆነ ፊልም ከተገኘ ደግሞ ናይትሬት ሊሆን ይችላል፤ እሱ እሳት ነው፣ ወደ አምፖሉ አይቅረብ።

የመጀመሪያው እውነተኛ ሪል 2,000 ጫማ ከሆነ 22 ደቂቃ ይፈጃል። ሲያልቅ ሁለተኛው ከመግባቱ በፊት የመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ የቀዳዳዎቹ ጥግ በማጉያ ይታያል፤ ጥጉ ላይ ትንሽ ስንጥቅ ወይም የጥርስ ዱካ ካለ ማታ ቀጠሮ ቢኖርም ሥራው ይቆማል። ከ10 ሰዓት ሥራ በኋላ ብሎኖች በሙሉ አንድ በአንድ ይነካሉ፣ ሁለተኛ ጊዜ ነው የሚላሉት። የኮከቡ ዘይትም ሞቅ እንዳለ ይወጣል፤ ከእሱ ጥቂቱ ነጭ የቡና ሲኒ ውስጥ ተጨምሮ በፀሐይ ይታያል። ግራጫ ጥላ የአዲስ ብረት መላመድ ነው፣ አዲስ ዘይት ይገባና ማሽኑ ይቀጥላል። የሚያብለጨልጭ ፍርፋሪ ከታየ ግን ኮከቡ ከነቤቱ ይፈታና ሐረጎን ቁልቁል ይወርዳል።